በአንድ ሳፋ ውሃ ብርሃንን መስበርና መበተን

የብርሃን ትምህርት በየዓመቱ ይመጣል፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ፕሪዝምም አብሮ ይመጣል። ችግሩ ፕሪዝሙ ሥዕል ብቻ መሆኑ ነው። በብዙ ትምህርት ቤት ዕቃው የለም፤ ቢኖርም አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ስለዚህ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን ይሥላል፣ በባለ ቀለም ጠመኔ መስመሮች ያወጣል፣ ልጆቹም የቀለማቱን ስም በቅደም ተከተል ይሸመድዳሉ። ፈተናውን ያልፉበታል። ብርሃን ለምን እንደሚሰበር፣ ከነጭ ብርሃን ውስጥ ቀይና ሐምራዊ እንዴት ተለይተው እንደሚወጡ ግን አላዩም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነት ክፍል ነው። ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ለሚያስጠኑ ወላጆችና ለሳይንስ ክበብ ተማሪዎችም ይሆናል። የሚያስፈልገው ውሃ፣ መስታወት፣ ማስመሪያና ፀሐይ ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ አጥብቄ እናገራለሁ፤ ከቀለማቱ አትጀምሩ። ቀለማቱ ከነጩ ብርሃን የሚለያዩት እያንዳንዱ በጥቂቱ የተለያየ መጠን ስለሚሰበር ነው። ስብረትን በገዛ እጁ ለክቶ የማያውቅ ልጅ ቀለማቱን ሲያይ ይደነቃል፤ ነገሩ ግን አይገባውም። መጀመሪያ ስብረቱን በማስመሪያ ለኩ፣ ቀለማቱን ከዚያ በኋላ በሳፋ አውጡ።

ቀድመው የሚዘጋጁ ዕቃዎች

ለመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች አንድ ሲኒ፣ አንድ ሳንቲም፣ ቀጥ ያለና ስስ ግድግዳ ያለው ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ (አራት ማዕዘን የሆነ የምግብ መያዣ ይበቃል፤ ርዝመቱ ከ12፣ ስፋቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ይሻላል)፣ አራት ስፒል፣ ወፍራም ካርቶን፣ ነጭ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ፕሮትራክተር፣ ኮምፓስና በደንብ የተቀረጸ እርሳስ ያስፈልጋል። ለቀለማቱ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ሳፋ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የፊት መስታወት፣ ጥቁር ናስትሮ ወይም ውሃ የማይለቅቀው ሌላ ጥቁር ፕላስተር፣ ጥቂት ጠጠሮችና አንድ ሰፊ ነጭ ወረቀት አዘጋጁ።

መስታወቱ የተሰበረ ቁራጭ ከሆነ ጠርዙን በሙሉ በፕላስተር ሸፍኑት፤ ውሃ ውስጥ የገባ ስለታም ጠርዝ አይታይም። ፀሐይን በቀጥታም ሆነ በመስታወት ውስጥ ማየት ክልክል ነው። መስታወት የሚልከው የፀሐይ ብርሃን ዓይን የሚጎዳው ከፀሐይዋ ባልተናነሰ ስለሆነ፣ መስታወቱን የሚያዘነብለው ሰው የተማሪዎቹ ፊት ወዴት እንዳለ ሁልጊዜ ይወቅ።

1. የተደበቀውን ሳንቲም ማሳየት

ሳንቲሙን ሲኒው ግርጌ ላይ በትንሽ ሊጥ ወይም ማስቲካ አጣብቁት። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ውሃው ሲፈስ ሳንቲሙን ይገፋባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ተማሪው ያየው ለውጥ ከብርሃኑ ይሁን ከሳንቲሙ መንቀሳቀስ ማንም ሊነግረው አይችልም። ተማሪው የሲኒው ከንፈር ሳንቲሙን ልክ እስኪጋርድበት ድረስ ወደ ኋላ ይራቅና ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ ይቁም። ሌላ ሰው ውሃ በቀስታ ያፍስስ። ሳንቲሙ ይታያል።

ከሳንቲሙ የሚነሳው ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ወደ ጎን ስለሚሰበር በሲኒው ከንፈር ላይ አልፎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ዓይን ግን ብርሃን ሁልጊዜ በቀጥታ መስመር የመጣ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሳንቲሙን ካለበት ከፍ አድርጎ ያየዋል። ልክ ከላይ ወደ ታች ስናይ ውሃ ከእውነተኛ ጥልቀቱ ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ጥልቅ መስሎ ይታያል። ልጆቹን እዚህ ላይ አስቁማችሁ አንድ ነገር ንገሯቸው። 1.6 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ወይም መዋኛ 1.2 ሜትር ይመስላል፣ በአግድም ሲያዩት ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ዋና የማይችል ልጅ ወለሉን ስላየ ብቻ መቆም እችላለሁ ብሎ መግባት የለበትም።

ብዙ ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ክብ ብርጭቆ ውስጥ የገባ እርሳስ ይታያል። እኔ አልመርጠውም። ክብ ብርጭቆ ውሃ ሲሞላ እንደ ሌንስ ይሠራል፣ እርሳሱንም ያወፍረዋል፤ ተማሪው የሚያየው ስብረት ከውሃው ገጽ ይሁን ከብርጭቆው ክብነት አይለይም። እርሳስ ማሳየት ከፈለጋችሁ ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለውን ዕቃ ተጠቀሙ።

2. ብርሃን በውሃ ውስጥ የሄደበትን መንገድ መሣል

የዚህ ሁሉ ሥራ እምብርት እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

ነጩን ወረቀት ካርቶኑ ላይ ዘርጉ፣ የፕላስቲክ ዕቃውን መሐሉ ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን በእርሳስ ክበቡት። ውሃ ሙሉበት። ከረጅሙ ጎን ላይ አንድ ነጥብ ምልክት አድርጉ፤ ነጥብ ሀ እንበለው። ነጥቡ ወደ አንዱ ጫፍ ጠጋ ቢል ይሻላል፤ ብርሃኑ ውሃውን ሲሻገር ወደ ጎን የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። በነጥብ ሀ ላይ ከዕቃው ግድግዳ ጋር 90 ዲግሪ የሚሠራ መስመር ሥሩ። ይህ መስመር ቋሚ መስመር ነው፣ ማዕዘን ሁሉ የሚለካው ከእሱ ተነስቶ ነው። ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፕሮትራክተሩን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከግድግዳው ተነስተው ይለካሉ፤ ያን ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው ስሌት ሁሉ ይበላሻል።

ከቋሚው መስመር 45 ዲግሪ ርቆ ወደ ነጥብ ሀ የሚገባ መስመር ሥሩና ሁለት ስፒሎች ትከሉበት። በመካከላቸው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ተጠጋግተው ከተተከሉ ትንሽ መዛነፍ እንኳ አቅጣጫውን በብዙ ዲግሪ ያስተዋል። ስፒሎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ።

አሁን ወደ ዕቃው ሌላ ጎን ዙሩ፣ ዓይናችሁን ወደ ወረቀቱ ዝቅ አድርጉና በውሃው ውስጥ አሻግራችሁ ሁለቱን ስፒሎች እዩ። የቅርቡ የሩቁን እስኪጋርደው ድረስ ጭንቅላታችሁን ወደ ግራና ቀኝ አንቀሳቅሱ። ሲጋረድ በእናንተ በኩል ሦስተኛና አራተኛ ስፒል ትከሉ፤ አራቱም በአንድ መስመር የቆሙ መምሰል አለባቸው። የምታስተካክሉት የስፒሎቹን እግር እንጂ አናታቸውን አይደለም፤ የዘመመ ስፒል አናቱ ይዋሻል።

ዕቃውን አንሱ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ስፒል የሚያገናኝ መስመር ሥራችሁ የዕቃውን ክበብ እስኪነካ አምጡት። ከዚያ ነጥብ እስከ ነጥብ ሀ የምትሠሩት መስመር ብርሃኑ በውሃ ውስጥ የተጓዘበት መንገድ ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ እንዳልሄደ፣ ወደ ቋሚው መስመር እንደተጠጋ ወዲያውኑ ይታያል።

ሥራችሁ ትክክል መሆኑን የምታውቁበት መንገድ አለ። የገባው መስመርና የወጣው መስመር ጎን ለጎን እኩል ርቀት ጠብቀው የሚሄዱ ትይዩ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ወይ ዕቃው ተንቀሳቅሷል፣ ወይ ግድግዳዎቹ ትይዩ አይደሉም። የፕላስቲኩ ግድግዳ ራሱ ብርሃን ይሰብራል ብሎ የሚጠይቅ ብልህ ተማሪ ካለ እውነቱን ነው። ሆኖም የግድግዳው ሁለት ፊቶች ትይዩ ስለሆኑ መስመሩን በጥቂት ሚሊ ሜትር ከማንሸራተት በቀር የውሃውን ማዕዘን አይለውጡም። ስስ ዕቃ የተመረጠውም ለዚህ ነው።

ለምን እንደሚሰበር ለማስረዳት ጋሪን ተጠቀሙ። ከአስፋልት ወደ አሸዋ በሰያፍ የሚገባ ጋሪ አንዱ ጎማው አሸዋውን ቀድሞ ይነካና ይዘገያል፤ ሌላው አስፋልት ላይ እንደ ፍጥነቱ ነው፤ ስለዚህ ጋሪው ይዞራል። በቀጥታ፣ በ90 ዲግሪ ከገባ ግን ሁለቱም ጎማዎች እኩል ይዘገያሉ እንጂ አይዞርም። ብርሃንም በቋሚው መስመር ላይ ከገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ አቅጣጫው አይለወጥም። ይህን ባዶ ሐሳብ ሆኖ እንዳይቀር በስፒሎቹ ሞክሩት።

3. ያለ ሳይን ሰንጠረዥ ማስላት

ስልክ ላይ ያለው የሒሳብ ማሽን ሳይን ያወጣል። ገና ሳይን ላልተማሩ ልጆች ግን ማስመሪያ ይበቃል፤ እንዲያውም በማስመሪያ የሠራ ልጅ የስብረትን ሕግ ምንነት ይበልጥ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

በነጥብ ሀ ላይ ኮምፓሱን ተክላችሁ 8 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ሥሩ። ቋሚውን መስመር በሁለቱም አቅጣጫ አስረዝሙት፤ የውሃውንም መስመር ክቡን እስኪቆርጥ ቀጥሉት። አሁን የገባው መስመር ክቡን ከቆረጠበት ቦታ እስከ ቋሚው መስመር ያለውን አጭሩን ርቀት ለኩ። የውሃውንም መስመር እንዲሁ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። በ45 ዲግሪ 5.7 እና 4.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ታገኛላችሁ። በ30 ዲግሪ 4.0 እና 3.0፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ 6.9 እና 5.2 ይሆናል። ርቀቶቹ ይለያያሉ፣ ውጤቱ ግን ሁልጊዜ 1.33 ገደማ ነው። ይህ ቁጥር የውሃ የስብረት ኢንዴክስ ይባላል።

ማዕዘኖቹን ራሳቸውን ማካፈል ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። 30ን ለ22 ብታካፍሉ 1.36 ይመጣል፤ 60ን ለ40.5 ብታካፍሉ 1.48። ቁጥሩ አይጸናም። ተማሪዎች ሁለቱንም መንገድ እንዲያሰሉ ብታደርጉ ሕጉ ከማዕዘኖቹ ሳይሆን ከርቀቶቹ ጋር ለምን እንደተያያዘ ራሳቸው ያገኙታል።

1.33 ስለ ፍጥነትም ይናገራል። ብርሃን በባዶ ቦታ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ለ1.33 ሲካፈል በውሃ ውስጥ 225,000 ገደማ ይሆናል። በተራ ብርጭቆ ቁጥሩ 1.52 አካባቢ ነው፣ በአልማዝ 2.42።

4. ግሊሰሪንን መፈተሽ

ለቆዳ ቅባት የሚሸጠው ግሊሰሪን ለዚህ ትምህርት የተሠራ ያህል ይመቻል። ንጹሕ ከሆነ ኢንዴክሱ 1.47 ነው፤ ግማሹ ውሃ ከሆነ ወደ 1.40 ይወርዳል። ትንሽ ቀጥ ያለ ዕቃ ውስጥ ጨምራችሁ ደረጃ 2ንና 3ን ድገሙ፤ ልጆቹ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ በማስመሪያ ሊገምቱ ይችላሉ። የምግብ ዘይትም 1.47 አካባቢ ነው። ሙቀት የማይሰብረው የፓይሬክስ ብርጭቆ ኢንዴክስም ከዚሁ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ዘይት ወይም ንጹሕ ግሊሰሪን ውስጥ ሲጠልቅ ከዓይን ሊሰወር ምንም አይቀረው። ግልጽ ነገር የሚታየን በጠርዙ ላይ ብርሃን ስለሚሰበርና ስለሚመለስ ነው፤ በብርጭቆውና በፈሳሹ መካከል የብርሃን ፍጥነት ልዩነት ከሌለ የሚታይ ጠርዝ አይኖርም። ተራ ብርጭቆ ግን በዘይት ውስጥም ይታያል፤ አልሠራም ብላችሁ ከማዘናችሁ በፊት ብርጭቆውን አጣሩ።

5. ብርሃን ከውሃ መውጣት የሚያቅተው መቼ ነው?

ግልጹን ዕቃ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስቀምጡ። ከውሃው ገጽ በታች ሆናችሁ በጎን ግድግዳው በኩል ወደ ላይ ተመልከቱ። የውሃው ገጽ እንደ ብር ያብረቀርቃል፣ ከእሱ በላይ የያዛችሁት ጣትም በገጹ በኩል አይታይም። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ከቋሚው መስመር እየራቀ ነው፤ በውሃ ውስጥ ያለው ማዕዘን 48.6 ዲግሪ ሲደርስ የሚወጣው ብርሃን ከገጹ ጋር ይተኛል፣ ከዚያ ካለፈ ጭራሽ አይወጣም፣ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ይገባል። ይህ ደረጃ አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት። በሚቀጥለው ደረጃ ቀለማቱ ጠፉብን የሚሉ ሰዎች ከሚሳሳቱባቸው ነገሮች ዋናው ይህ ነው።

6. ነጩን ብርሃን በሳፋ መበተን

መጀመሪያ የፀሐይዋን ከፍታ ለኩ። 1 ሜትር እንጨት ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ጥላው ከ1.2 እስከ 2.1 ሜትር ከሆነ ፀሐይዋ ከ40 እስከ 25 ዲግሪ ከፍታ ላይ ናት፤ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ባብዛኛው ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሆናል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን በመስኮት አትገባም። ስለዚህ የትምህርት ክፍለ ጊዜው 6 ሰዓት ላይ ከሆነ ከሌላ መምህር ጋር ተለዋወጡ፤ ዋጋ አለው።

መስታወቱን በጥቁሩ ናስትሮ ሸፍናችሁ መሐሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አግድም መስመር ብቻ ክፍት ተዉ። አግድም ይሁን፤ ቀለማቱ የሚለያዩት ከላይ ወደ ታች ስለሆነ መጥበብ ያለበት በዚያ አቅጣጫ ነው። ሰፊ መስታወት ሳይሸፈን ከተቀመጠ ከእያንዳንዱ ክፍሉ የሚመጣው ቀይና ሐምራዊ እርስ በርሱ ተደራርቦ መሐሉ ነጭ ይሆናል፤ ቀለም የሚታየው ጠርዙ ላይ ብቻ ነው።

ሳፋውን በመስኮት በሚገባው ፀሐይ ላይ አድርጉና ውሃ ሙሉት። መስታወቱን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙራችሁ፣ የታችኛው ጠርዝ ወደ መስኮቱ ሆኖ፣ የላይኛውን ጠርዝ በጠጠር ከፍ አድርጉት። 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላለው መስታወት የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው 8.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ሲል 35 ዲግሪ ይዘነብላል። ክፍቱ መስመር ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ መሆን አለበት። ከውሃ በላይ የቀረ ክፍት ቦታ ካለ ጣሪያው ላይ ደማቅ ነጭ ብርሃን ይጥላል፤ ብዙዎች ያንን አይተው ቀለም የለውም ይላሉ።

አሁን ቀለማቱን ፈልጉ። ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ነው። እዚያ ከውሃው ገጽ ላይ የተንጸባረቀ ደብዛዛ ነጭ ብርሃን እንጂ ሌላ የለም። ቀለማቱ ወደ መጡበት ተመልሰው፣ በመስኮቱ በኩል፣ ወደ ላይ ነው የሚወጡት። ጣሪያው ቅርብና ነጭ ከሆነ እሱ ላይ ይታያሉ፤ ካልሆነ አንድ ተማሪ ነጩን ወረቀት ይዞ ከመስኮቱ ጎን፣ የሚገባውን ፀሐይ ሳይጋርድ፣ ከሳፋው 2 ሜትር ያህል ርቆ ይቁም። መስታወቱን ወደ ጎን ጥቂት ብታዞሩት ቀለማቱም ከመስኮቱ ወደ ጎን ግድግዳ ይሄዳሉ፤ መስኮቱ ትልቅ ከሆነ ይህ ይሻላል።

ርቀቱ ለምን አስፈለገ? በደረጃ 3 ያገኛችሁት 1.33 በእርግጥ አንድ ቁጥር አይደለም። ውሃ ለቀይ ብርሃን 1.331፣ ለሐምራዊ 1.343 ነው። ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ማስመሪያችሁ ሊያየው አይችልም። በተጠቀሰው አቀማመጥ ቀይና ሐምራዊ ከሳፋው ሲወጡ የሚለያዩት በ1 ዲግሪ ከሩብ ያህል ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ይህ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በክፍቱ መስመር ስፋት ይዋጣል። 2 ሜትር ላይ ከ4 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ 3 ሜትር ላይ ከ6። ማስመሪያው ያላየውን ርቀቱ አጉልቶ ያሳያችኋል።

ቀለማቱ ሲታዩ ማዘንበሉን በቀስታ ጨምሩ። ቀለማቱ እየሰፉ ወደ ታች፣ ወደ መስኮቱ ግርጌ ይወርዳሉ። ከዚያ በድንገት ይጠፋሉ፤ መጀመሪያ ሐምራዊው፣ ቀዩ ደግሞ መጨረሻ ላይ። ምክንያቱን ልጆቹን ጠይቁ። በደረጃ 5 ያዩት ነው፤ ብርሃኑ የውሃውን ገጽ ከ48.6 ዲግሪ በበለጠ ማዕዘን ስለመታው መውጣት አቅቶታል። ሐምራዊ ይበልጥ ስለሚሰበር ቀድሞ ይታገዳል። መስታወቱን 45 ዲግሪ ያህል አቁመው የሚጀምሩ ሰዎች ምንም ሳያዩ ተስፋ የሚቆርጡትም ለዚህ ነው፤ ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ወደ ላይ ሂዱ።

ውሃው ጸጥ እንዲል ጠረጴዛውን ማንም አይደገፍ። ክፍሉን የቻላችሁትን ያህል አጨልሙት።

7. ውሃው ቀለም እንዳልጨመረ ማረጋገጥ

ቀለማቱን ያየ ልጅ ውሃው ወይም መስታወቱ ነጩን ብርሃን ቀለም የቀባው ሊመስለው ይችላል፤ ደግሞም ምክንያታዊ ግምት ነው። በሁለት መንገድ ፈትሹት። ካርቶን ላይ ቀጭን ክፍተት በምላጭ ቅደዱና ቀዩ ብቻ እንዲያልፍ ቀለማቱ መንገድ ላይ ያዙት። ያለፈውን ቀይ ብርሃን በውሃ በተሞላው ግልጽ ዕቃ ውስጥ አሳልፉት። ቀይ ሆኖ ገብቶ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ውሃ ቀለም የሚቀባ ቢሆን ኖሮ ይህንንም በቀባው ነበር። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ በሳፋው ውስጥ ያለውን ውሃ በጣት ነካ ነካ አድርጉት። ገጹ ሲናወጥ ቀለማቱ እርስ በርስ ይደባለቁና ወረቀቱ ላይ መልሰው ነጭ ይሆናሉ፤ ውሃው ሲረጋ እንደገና ይለያያሉ።

እዚህ ላይ ሲዲ አምጥተው ቀለማቱን ለሚያሳዩ መምህራን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የሲዲ ቀለማት የሚመጡት ገጹ ላይ ካሉት እጅግ የተቀራረቡ መስመሮች ነው፤ የሳሙና አረፋና እርጥብ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት ቀለማት ደግሞ በስስ ሽፋን ሁለት ፊቶች ላይ ከሚንጸባረቅ ብርሃን። ሁለቱም ውብ ናቸው፣ ሁለቱም ግን የስብረት ውጤት አይደሉም። ለዚህ ትምህርት ምሳሌ ሆነው ከቀረቡ ልጁን ያሳስቱታል።

8. ደጅ ወጥቶ ቀስተ ደመና መሥራት

በሳፋው ውስጥ ብርሃን ሦስት ነገር ሆኗል፤ ወደ ውሃ ሲገባ ተሰብሯል፣ ከመስታወቱ ተመልሷል፣ ከውሃ ሲወጣ እንደገና ተሰብሯል። በዝናብ ጠብታም የሚሆነው ይኸው ነው፤ የመስታወቱን ሥራ የሚሠራው የጠብታው የኋላ ግድግዳ ነው። ጢስ ዓባይ ላይ ፀሐያማ ጠዋት በፏፏቴው ጭጋግ ውስጥ የሚታየው ቀስተ ደመናም ከዚህ የተለየ አይደለም።

የአትክልት ማጠጫ ጎማ ወይም የመርጫ ጠርሙስ ያዙ። ፀሐይዋን በጀርባችሁ አድርጉና የጭንቅላታችሁን ጥላ ፈልጉ። ቀስተ ደመናው ከዓይናችሁ ወደዚያ ጥላ ከሚሄደው መስመር 42 ዲግሪ ያህል ርቆ ነው የሚታየው፤ ቀዩ በውጭ በኩል በ42፣ ሐምራዊው በውስጥ በኩል በ40 አካባቢ። ውሃውን በዚያ አቅጣጫ እንደ ጉም አድቅቃችሁ እርጩ። ወፍራም የውሃ ፍሰት አይጠቅምም፤ ጠብታ መሆን አለበት። ከጀርባው ጥላ ያረፈበት ግድግዳ ወይም ዛፍ ቢኖር ቀለማቱ ጎልተው ይታያሉ።

የ1 ሜትሩን እንጨት ጥላ እዚህም ተመልከቱ። ከ1.1 ሜትር ካጠረ ፀሐይዋ ከ42 ዲግሪ በላይ ወጥታለች፤ ያን ጊዜ ቅስቱ ከአድማስ በታች ስለሚወርድ ሰማይ ላይ አትፈልጉት፣ ውሃውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋችሁ እርጩ። ፕሮትራክተር ያለው ተማሪ ሁለት ቀጭን እንጨት ማዕከሉ ላይ ያገናኝ። አንዱን ወደ ጭንቅላቱ ጥላ፣ ሌላውን ወደ ቀዩ ቅስት አቅንቶ ማዕዘኑን ያንብብና ጓደኞቹ ካገኙት ጋር ያስተያይ። ሁለት ተማሪዎች ጎን ለጎን ቆመው ቢለኩ እያንዳንዱ ከራሱ ጥላ ተነስቶ መለካት አለበት፤ የሚያዩት ቀስተ ደመና ከየራሳቸው ዓይን የሚነሳ ስለሆነ አንድ አይደለም።

ሥራው ሲያልቅ መስታወቱን ከሳፋው አውጥታችሁ ወዲያው አድርቁት፤ ውሃ ውስጥ ካደረ የጀርባው ልባስ ይላጣል። ናስትሮውን አታንሱት። ለሚቀጥለው ክፍል እንደተዘጋጀ ይቆያል።